ከብት የሚያውቀውን መርዝ ለምን ይበላል?

በቆላማው የወሎና የሐረርጌ አካባቢ ክረምቱ በመሐሉ ሲቋረጥ፣ ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ሲጠወልግ፣ ከዚያም አንድ ቀን ድንገት ዘንቦ ከሥሩ አዲስ ለምለም ቅጠል ሲያቆጠቁጥ፣ ዙሪያው ሁሉ ደርቆ ሳለ ዓይን የሚማርክ አረንጓዴ ያ ማሽላ ብቻ ይሆናል። ሲራብ የሰነበተ በሬ አጥር ጥሶ ወደ ማሳው ቢገባ ማንም አይደነቅም። የሚያስደነግጠው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው፤ በሬው ብዙም ሳይቆይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ከማሳው ሊያስወጣው እየሮጠ ሳለ ይሞታል። ያው ማሽላ ግን አድጎ፣ እሸቱ ተበልቶ፣ እህሉ ተወቅቶ ሲያበቃ አገዳው ለዚያው መንጋ የበጋ ስንቅ ነው።

ስለ መርዛማ ዕፅዋት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው በጫካ ጥግ የበቀለ አንድ ክፉ ቅጠልን ነው። በአገራችን ከብት የሚጨርሰው መርዝ ግን ብዙውን ጊዜ በማሳው፣ በመንገዱ ዳርና በመኖው ክምር ውስጥ ይገኛል፤ ከብቱም አብዛኛውን ተክል በጣዕሙና በሽታው ያውቀዋል፣ በደህና ጊዜም አልፎት ይሄዳል። ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጉ የቀንድ ከብቶች ባሉባት አገር መመረዝን ለመረዳት ከቅጠሉ ኬሚስትሪ እኩል መመርመር ያለበት ከብቱ አልፎት ይሄድ የነበረውን ቅጠል እንዲበላ ያስገደደው ሁኔታ ነው የሚል እምነት አለኝ።

በማሽላው ልጀምር፣ ምክንያቱም ነገሩን ሁሉ በአንድ ተክል ውስጥ ያሳያል። በለጋ የማሽላ ቅጠል ውስጥ ዱሪን የተባለ ውሁድ አለ። ዱሪን ብቻውን ጉዳት የለውም፤ ተክሉ ዱሪኑን በአንድ ወገን፣ ዱሪንን የሚሰብረውን ኢንዛይም ደግሞ በሌላ ወገን ባሉ ሕዋሳት ለይቶ ያስቀምጣቸዋል። ቅጠሉ ሲታኘክ፣ ሲረገጥ ወይም በድርቅ ሲጠወልግ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ከግንኙነታቸውም ሳይናይድ ይለቀቃል። ተክሉ ይህን የሚያደርገው ገና ለጋ ሳለ በነፍሳትና በእንስሳት ተበልቶ እንዳያልቅ ነው፤ ሲያድግ፣ አገዳውም ሲጠነክር የዱሪኑ ድርሻ ይቀንሳል። ድርቅ መትቶት እንደገና ያቆጠቆጠ፣ በተለይም ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ በብዛት የተደረገለት ማሽላ ከሁሉ የከፋ ነው።

ሳይናይድ ሕዋሳት ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። ደሙ ኦክስጅን ተሸክሞ ይዞራል፣ ተቀባዩ ሕዋስ ግን ሊጠቀምበት አይችልም፤ በዚህ የተነሳ በማሽላ የተመረዘ ከብት ደም ደማቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። ገዳዩ መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 2 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው፤ 250 ኪሎ ግራም ለሚመዝን በሬ ግማሽ ግራም ማለት ነው። ላም፣ በግና ፍየል ከፈረስና ከአሳማ ይልቅ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው፤ በትልቁ ጨጓራቸው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ራሳቸው ዱሪኑን ሰብረው ሳይናይዱን ስለሚያወጡት ነው። ሣርን ወደ ሥጋና ወደ ወተት ለመለወጥ ያስቻላቸው ያው የጨጓራ ሥርዓት እዚህ ላይ ጠላታቸው ይሆናል።

ከማሽላው ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታ ሌላ መመረዝ አለ፤ እርሱም የናይትሬት ነው። ብዙ ዩሪያ የተደረገለት በቆሎ፣ እንዲሁም በደጅና በማሳ ዳር የሚበቅለው አሉማ በድርቅ ወይም ፀሐይ በሌለበት ሳምንት ናይትሬት ያከማቻሉ። በከብቱ ጨጓራ ውስጥ ናይትሬቱ ወደ ናይትራይት ይለወጣል፤ ናይትራይቱ ከልኩ ሲያልፍ ወደ ደም ይገባና ደሙ ኦክስጅን የመሸከም ችሎታውን እንዲያጣ ያደርገዋል። ከብቱ እንደ ሳይናይዱ ሁሉ ትንፋሽ እያጠረው ይወድቃል፣ ደሙ ግን ጠቁሮ የቡና ዓይነት ቀለም ይይዛል። ይህ የቀለም ልዩነት ለባለሙያው የሞት የሽረት ጉዳይ ነው፤ ለሳይናይድ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ራሱ ናይትራይት በመሆኑ በናይትሬት ለተመረዘ ከብት ቢሰጥ ሕመሙን ያባብሰዋል፣ ለናይትሬት የሚበጀው ሜቲሊን ብሉ የተባለው መድኃኒት ነው። በመኖ አያያዝም ሁለቱ ይለያያሉ፤ ማሽላ ታጭዶ በደንብ ሲደርቅ ሳይናይዱ በአመዛኙ ተንኖ ይጠፋል፣ ናይትሬት ግን በድርቆሹ ውስጥም እንዳለ ይቆያል።

እንግዲህ ከብቱ ይህን ሁሉ እንዴት ያውቃል? በአሜሪካ የዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፍሬድ ፕሮቬንዛና ባልደረቦቹ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነበር። ጠቦትና ጥጃ የሚበላውንና የማይበላውን በመጀመሪያ የሚማሩት ከእናታቸው ነው፤ እናቲቱ የምትነጨውን ይነጫሉ፣ የምታልፈውን ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ሰውነታቸው ራሱ ያስተምራቸዋል፤ አንድ አዲስ ቅጠል ቀምሰው ከቆይታ በኋላ ሆዳቸውን ካወካቸው ሕመሙን ከቅጠሉ ጣዕም ጋር አያይዘው ያስቀምጡታል፣ በሌላ ጊዜም ያንን ጣዕም ይሸሹታል። እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ይህን ያለ ቤተ ሙከራ ያውቀዋል፤ ፍየል ከአንዱ ቁጥቋጦ ጥቂት ቀንጥባ ወደ ሌላው የምትዘለው ክፉ አመል ይዟት ሳይሆን አንዱን መርዝ ከልኩ ሳታሳልፍ ብዙ ዓይነት ቅጠል ለመብላት ነው።

ይህ ትምህርት ግን ድንበር አለው። ጣዕሙ ወዲያው የሚታወቅና ሕመሙ ቶሎ የሚመጣ መርዝን መሸሽ በቀላሉ ይለመዳል፤ ቀስ ብሎ ጉበትን ወይም ነርቭን በወራት ውስጥ የሚጎዳውን ግን ከብቱ ከበላው ቅጠል ጋር ሊያያይዘው አይችልም። ሳይናይድን የመሰለው ፈጣኑ ደግሞ ለመማር ዕድል አይሰጥም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትምህርቱ የአገር ትምህርት ነው። በአንድ ወንዝ ዳር ያደገች ጊደር የዚያን ወንዝ ዳር ዕፅዋት ታውቃለች፤ ተሸጣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ ስትሄድ እንግዳ ናት።

የወፍ ቆሎ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ በአጥርነትና በአበባነት የተተከለው ይህ ቁጥቋጦ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በድሬዳዋና በሶማሌ ክልል የግጦሽ መሬት ላይ ተንሰራፍቷል። ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን ይበትኑለታል። ቅጠሉ ላንታዲን የተባሉ ውሁዶች አሉት፤ እነዚህ ጉበትን ይጎዳሉ፣ የሐሞትንም ፍሰት ያግዳሉ። ሐሞት ሲታገድ የሚመጣው መዘዝ በእይታ የሚያሳዝን ነው፤ ከብቱ ከበላው አረንጓዴ ቅጠል በጨጓራው ውስጥ የሚፈጠርና በወትሮው ጊዜ ከሐሞት ጋር የሚወጣ አንድ ውሁድ መውጫ አጥቶ በደም ይዞራል፣ ቆዳ ሥር ይደርሳል፣ እዚያም ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ከውስጥ ያቃጥለዋል። ነጭ ቦታ ያላት ላም አፍንጫዋ ዙሪያ፣ ጆሮዋና ጡቷ ይላጣሉ፣ ይቆስላሉ፤ ጥቁሩ ቆዳዋ ግን ይተርፋል። ባለቤቱ የቆዳ በሽታ መስሎት ቅባት ይፈልጋል። ሕመሙ ያለው ጉበቷ ላይ ነው፤ ጨጓራዋም ሥራውን ስለሚያቆም የበላችው ቅጠል እዚያው ተቀምጦ ለቀናት መርዙን ማንጠባጠቡን ይቀጥላል። ወደ ጥላ ማስገባትና መርዙን ጨጓራ ውስጥ የሚይዝ ለሕክምና የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት በብዛት መስጠት የሚረዱት ለዚህ ነው። የወፍ ቆሎ ባለበት ቦታ ተወልደው ያደጉ ከብቶች በአብዛኛው አይነኩትም። የሚመረዙት ከሌላ አካባቢ የመጡትና የሚበሉት ያጡት ናቸው።

ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው በቦረናና በሶማሌ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች አልቀዋል። የሞታቸው ዋና ምክንያት ረሃብና ጥማት መሆኑ አያከራክርም፤ ሆኖም እንዲህ ባለ ድርቅ ሣሩ ሲጠፋ ቆመው የሚቀሩት ዕፅዋት የትኞቹ እንደሆኑ መጠየቅ ተገቢ ነው። በደረቅ መሬት ቅጠሉን አረንጓዴ አድርጎ ማቆየት ለተክል ውድ ነገር ነው፤ ስለዚህ በበጋ የሚለመልሙት ብዙዎቹ ቅጠላቸውን በእሾህ፣ በወተት መሰል ፈሳሽ ወይም በመርዝ የሚጠብቁ ናቸው። በየአሸዋማው ሜዳ በበጋ እንደለመለመ የሚቆየውን ጦቢያ የተባለ ቁጥቋጦ ያየ ይህን ያስተውላል፤ ቅጠሉ ሰፊና ለምለም ነው፣ ነገር ግን ነጭ ፈሳሹ የልብን ምት የሚያዛቡ ውሁዶች አሉት፣ ስለዚህም ፍየል እንኳ ታልፈዋለች። የተራበ መንጋ ከፊቱ ያሉት እነዚህ ሲሆኑ እናቱ ያስተማረችው ሁሉ ይሸነፋል። በባዶ ሆድ የተበላ መርዝ ደግሞ በጥጋብ ከተበላው ይከፋል፤ የሚያቀጥነው ሌላ ምግብ ጨጓራ ውስጥ የለም፣ በረሃብ የደከመ ጉበትም የማርከስ ዐቅሙ ያነሰ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በሰው እጅ የመጣውና እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ የአፋር ጉዳይ ነው። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው የአሜሪካ አህጉር ዛፍ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ መካከለኛው አዋሽ የገባው በመልካም ሐሳብ ነበር፤ ጥላ እንዲሆን፣ ነፋስ እንዲመክት፣ አፈር እንዲይዝ ነው የተተከለው። አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ይሉታል፤ በሌላም ስሙ «ወያኔ» ይባላል። የሚወዱት ሳር የነበረበትን የአዋሽ ዳር ሜዳ በእሾሃማ ጫካ ሸፍኖ ዛሬ በአፋር ክልል ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል። የገበሬው አነጋገር «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» ይላል፤ ጥላውንና ነፋስ መከላከያውን ብቻ አይተው የተከሉት ሰዎች ከብቱ ዘሩን ወዴት እንደሚወስደው ያሰቡ አይመስልም።

ፍሬው ጣፋጭ ነው፤ ስኳርና ፕሮቲን አለው፤ ለጥቂት ጊዜ ከሌላ መኖ ጋር ሲበላ ይጠቅማል። ሣሩን ራሱ ዛፉ ካጠፋው በኋላ ግን ላሟ ለሳምንታትና ለወራት የምትበላው ያንን ፍሬ ብቻ ይሆናል፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ጁሊፕሮሶፒን የተባለ አልካሎይድም የመንጋጋንና የምላስን ጡንቻ የሚያዝዙትን የአንጎል ነርቮች ቀስ በቀስ ይገድላል። ላሟ ማኘክ ያቅታታል፣ ስታመሰኳ አንገቷን ወደ አንድ ወገን ታዘነብላለች፣ ለሐጯ ይዝረበረባል፣ ምላሷ ይንጠለጠላል፣ የጉንጯ ሥጋ ይሟሽሻል፤ ምግብ ከፊቷ ቀርቦላት እየራባት ትከሳለች። በብራዚል ይህንኑ በሽታ አርቢዎቹ «ካራ ቶርታ»፣ ጠማማ ፊት፣ ይሉታል፤ ነርቮቹ ከሞቱ በኋላ የሚመልሳቸው መድኃኒት የለም። የአፋር አርብቶ አደሮች ደግሞ የከብቶቻቸው ጥርስ እንደሚበላሽና መንጋጋቸው እንደሚጎዳ ቀድመው ሲናገሩ ኖረዋል። ፍየልና በግ መርዙን ከላም በተሻለ ይቋቋማሉ፤ ነገር ግን ዘሩን ሳይፈጩት በበጠጣቸው በየሄዱበት ስለሚተክሉት፣ የእነርሱ ደህንነት ለላሟ የነገ ጉዳት ነው። ፍሬውን ፈጭቶ ዘሩ እንዳይበቅል ማድረግና ከሌላ መኖ ጋር በጥቂቱ መቀላቀል ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። ፈጭቶ ብቻውን ማብላት ግን ዘሩን ይገድላል እንጂ መርዙን አያስወግድም፤ ይህ ልዩነት በሥልጠናዎች ላይ በግልጽ መነገር አለበት።

ሌላው መጤ፣ ብዙዎች ፈረምሲሳ ወይም ቅንጨ አረም የሚሉት ፓርቴኒየም፣ ከብትን በአንድ ጊዜ ከመግደል ይልቅ ኑሮውን የሚያራቁት ነው። ፈረምሲሳ የሚለው የኦሮምኛ ስም መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ የማለት ትርጉም ይሰጠዋል፤ ማሳና ግጦሽ ሲወር ያዩት ሰዎች ያወጡት ስም ስለሆነ ምንም ማብራሪያ አይፈልግም። በውስጡ ያለው ፓርቴኒን ቆዳን ያሳክካል፣ አፍንና አንጀትን ያቆስላል፤ ላም ሣር አጥታ ከበላችው ወተቷ ይመራል፣ በግም ከበላው ሥጋው ጣዕሙን ያጣል። ገበያ የወጣች እናት ወተቷ ሲመለስባት ምክንያቱ ያ ነጭ አበባ መሆኑን ላታውቅ ትችላለች።

የአንድ ተክል መርዛማነት የሚወሰነው በተክሉ ብቻ እንዳልሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የሉኪና ታሪክ ነው። ሉኪና ፕሮቲኑ ብዙ በመሆኑ በአገራችንም ለመኖ የሚተከል ዛፍ ነው። ቅጠሉ ሚሞሲን የተባለ አሲድ አለው፤ በአውስትራሊያ ሉኪናን በብዛት የበሉ ከብቶች ፀጉራቸው ይረግፍ፣ እንቅርት ያወጡ፣ ዕድገታቸውም ይቆም ነበር። በሃዋይ ያሉ ፍየሎች ግን ያንኑ ቅጠል እየበሉ ምንም አይሆኑም ነበር። ሬይመንድ ጆንስ የተባለው የአውስትራሊያ ተመራማሪ ልዩነቱ በፍየሎቹ ጨጓራ ውስጥ መርዙን በሚሰብር ባክቴሪያ ላይ መሆኑን አሳየ፤ ባክቴሪያው ከሃዋይ ፍየሎች ተወስዶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለአውስትራሊያ ከብቶች ሲሰጥ እነርሱም ሉኪናን ያለ ጉዳት መብላት ጀመሩ። ተሕዋስያኑ በስሙ ሲነርጂስቲስ ጆንሲ ተብሏል። ያው ቅጠል ለአንዱ መንጋ መርዝ፣ ለሌላው ቀለብ የሆነው በጨጓራው ውስጥ ባደረው ፍጥረት ምክንያት ነው።

በጓያም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። ዘሩ ሰውን እግሩን የሚያሽመደምደው የነርቭ መርዝ አለው፤ ፈረስም እንደ ሰው ተጋላጭ ነው፣ የኋላ እግሩ ይከዳዋል፣ የጉሮሮው ነርቭ ሲጎዳም ሲሮጥ እያጓራ ይተነፍሳል። የሚያመሰኩ እንስሳት ግን በጨጓራቸው ተሕዋስያን ምክንያት በተሻለ ይቋቋሙታል። ለበሬ ተርፎ የነበረን ጓያ ለጋሪ ፈረስ መስጠት ስለዚህ አደገኛ ልማድ ነው።

ተፈጥሮ በዚህ ረገድ የምታደርገው አንዳንዴ ያስደምማል። አዳኞች ቀስታቸውን የሚመርዙበት ምረንዝ የተባለው ዛፍ የልብን ሥራ የሚያቆም ውሁድ አለው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖር ረጅም ፀጉር ያለው አንድ ትልቅ አይጥ ግን የምረንዙን ቅርፊት አኝኮ ምራቁን በጎኑ ፀጉር ላይ ይቀባዋል፣ የሚነክሰው ውሻ ይመረዛል፣ እርሱ ግን ይኖራል። የአገራችን ሰውም መርዝን ለይቶ ማወቅ ብቻ ሳይሆን መጠቀምም ያውቅበታል። በጣና ዙሪያ የብርብራ ዘር ተፈጭቶ ዓሣ ማስከሪያ ሆኖ ኖሯል። እንዶድ ልብስ የታጠበበት ውሃ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ያስተዋሉትም ሴቶች ልብስ ያጥቡበት ከነበረው ወንዝ ዳር ነበር። ዕውቀቱ በሕዝቡ ዘንድ ነበር፤ አስተዋይ ዓይን ያስፈልገው ነበር።

ያ ዕውቀት በእረኛው ዘንድ ዛሬ እየቀነሰ ነው ብል ወቀሳዬ በልጆቹ ላይ አይደለም። ልጁ ትምህርት ቤት መሄዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ድሮ ከታላቅ ወንድሙ «ይህን አታስበላ» እየተባለ የተማረውን የሚተካ ነገር አልተሰጠም። የግጦሽ መሬቱም ታርሶ ሲያልቅ ከብቱ በቤት ታስሮ ታጭዶ የመጣለትን ይበላል። እዚህ ላይ ብዙም የማይታሰብ አደጋ አለ፤ በሜዳ የምትግጥ ላም መጥፎውን በምላሷ እየለየች ትተዋለች፣ በማሽን ተቆራርጦ ከተደባለቀ መኖ ውስጥ ግን መምረጥ አትችልም። አስተናግር፣ አጤ ፋሪስም የሚባለው፣ በፍግ ክምርና በቤት ጥግ የሚበቅል ሽታው ክፉ ተክል ነው፤ ቆሞ ሳለ ከብት አይነካውም። ከበቆሎ ጋር አብሮ ታጭዶ ከተቆራረጠ ወይም ፍሬው ከእህል ጋር ከተደባለቀ ግን ይበላል፤ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ አፍ ይደርቃል፣ ከብቱ ይቅበጠበጣል፣ ጨጓራውም ይቆማል። በከተማ ዳር ሣር አጭደው የሚሸጡ ሰዎችና የሚገዙ የወተት አርቢዎች ክምሩን ፈትተው የማየት ልማድ ቢኖራቸው ብዙ ላሞች ይተርፉ ነበር። በግቢ ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደር የተባለው አበባ ጥቂት ቅጠሉ ብቻ ትልቅ እንስሳ ይገድላል፤ ሲቆረጥ ቅርንጫፉን ከአጥር ውጭ መጣል ለጎረቤት ፍየል ሞትን መወርወር ነው።

የአንድ መንጋ ድንገተኛ ሞት ሲከሰት ግን መርዝ በመጨረሻ የሚጠረጠር ነገር ነው። አንዳንዱ ዓይን መታው ይላል፣ አንዳንዱ በጎረቤቱ ላይ ይነሳል። የእንስሳት ጤና ሥርዓቱም በአመዛኙ የተገነባው ተላላፊ በሽታዎችን ለመከታተል ነው፤ ክትባት፣ ሪፖርት፣ በጀት ሁሉ ወደዚያ ያዘነብላል። ይህ ስሕተት ነው አልልም፤ የማይቆጠር ሞት ግን በጀት አያገኝም። የወረዳ ባለሙያው ቦታው ላይ ሲደርስ ሊመለከት የሚገባው ከብቱን ብቻ ሳይሆን ከብቱ የዋለበትን ሜዳም ነው፤ የትኛው ቁጥቋጦ ተነጭቷል፣ የትኛው አዲስ አቆጥቁጧል፣ ውሃው ዳር ምን ተጥሏል? ተክሉን ካላወቀው አበባና ፍሬ ያለውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አድርቆ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ቢልክ ስሙ ሊታወቅ ይችላል። የሞተውን ከብት ፈርስ መመርመር ብዙ ጊዜ የቅጠል ቅሪት ያሳያል፤ ነገር ግን ድንገተኛ ሞት ሁሉ የመርዝ አይደለምና፣ አባ ሰንጋ ከተጠረጠረ፣ በተለይም ከአፍንጫና ከፊንጢጣ የማይረጋ ደም ከፈሰሰ፣ ሬሳውን መክፈት ለሰውም ለመሬቱም ትልቅ አደጋ ነው። ይህን መለየት የባለሙያው ሥራ ነው፤ ገበሬው ቢላዋውን ከማንሳቱ በፊት ቢጠብቅ ይሻላል።

ባለሙያ እስኪደርስ ገበሬው የሚያደርገው ነገር አለ። የተመረዘውን ከብት አለማዋከብ፣ አለማስሮጥ ዋናው ነው፤ ኦክስጅን ያጣ ሰውነት በሩጫ ያልቃል። የቀረውን መንጋ ቀስ ብሎ ከቦታው ማውጣት ይገባል። በሚንገዳገድ ከብት ጉሮሮ ውስጥ ወተት ወይም ሌላ ፈሳሽ በግድ ማፍሰስ የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ በመልካም ልብ የሚደረግ ቢሆንም፣ መዋጥ ያቃተው ከብት ፈሳሹን ወደ ሳንባው ያስገባዋል፣ ከመርዙ የተረፈውም በዚህ ይሞታል።

ከድርቁ በኋላ ከብት ያጡትን ቤተሰቦች መልሶ ለማቋቋም ጊደርና ፍየል ከሌላ አካባቢ እየተገዛ ሲከፋፈል ደግሞ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። የመጡት እንስሳት የሚያውቁት ሜዳ ሌላ ነው፣ በጉዞ ተርበዋል፣ የሚደርሱትም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ሣሩ ገና ሳይደርስ ነው፤ በዚያ ሳምንት ቀድሞ የለመለመው ደግሞ ከላይ የተጠቀሱት ዕፅዋት ናቸው። ገለባ ወይም ድርቆሽ አብልቶ ከሆድ ረሃብ ሳያስታግሱ ወደ ሜዳ አለመልቀቅ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአካባቢው ተወላጅ ከብቶች ጋር ቀላቅሎ ማሰማራት፣ ተቀባዩን ቤተሰብም ሜዳውን አብሮ እየዞሩ የወፍ ቆሎውንና አዲስ ያቆጠቆጠውን ማሽላ ማሳየት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ፍየሏን የሚያስረክበው ሠራተኛ ከክትባት ወረቀቷ ጋር ይህን የአንድ ቀን የሜዳ ጉብኝት ጨምሮ ቢያስረክብ፣ የመጀመሪያውን ክረምት ሳታይ የምትሞት ፍየል ቁጥር ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።